በሬዲዮ የምትነዳ መኪና ለአነስተኛ ደመወዝ

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ዐምድ ስለ ቴምብር መሰብሰብ፥ ስለ ቼዝና ስለ ፎቶግራፍ ማንሣት ስንጨዋወት ያፈረ ሰው አልነበረም። የዛሬው ርእስ ግን ብዙ ሰው ለቅርብ ጓደኛው ካልሆነ በቀር የማይናገረው ነው፤ ይኸውም በሬዲዮ የምትነዳው ትንሽ መኪና ናት። ከረባት አስሮ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሲመታ የሚውል ሰው «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን ልነዳ ነው» ብሎ ክንዱን የምታህል መኪና ከቦርሳው ቢያወጣ መሣቅ አይቀርም። ይሣቅ። ኳስ ለማየት ግማሽ ቀን ቁጭ የሚል ሰው በሌላው ጨዋታ ላይ ዳኛ የሚሆንበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

እርስዎም ምናልባት ከዚህ ጨዋታ ጋር የቆየ ትውውቅ ይኖርዎታል። አጎትዎ ከውጭ አገር ሲመጡ ያመጡልዎት፥ ለሦስት ወር ያህል የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስቀናች፥ ከዚያም አንድ ቀን ዝም ብላ ከአልጋ ሥር የገባች መኪና ነበረችዎት ይሆናል። ወይም ደግሞ በእጅዎ ከሽቦ የሠሯት፥ ጎማዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፥ መሪዋ እስከ ደረትዎ የሚደርስ ረጅም ሽቦ የሆነች መኪና ነበረችዎት። የሁለቱም ደስታ አንድ ነው፤ ያልተቀመጡበትን መኪና ቆመው ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መውሰድ። እነሆ አሁን ደመወዝ መቀበል ጀምረዋል፤ ተማሪም ከሆኑ ከኪስ ገንዘብዎ ጥቂት አጠራቅመዋል፤ ያ የልጅነት ፍቅርም ተነሥቶብዎታል።

አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የዚህ ጨዋታ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ አገር የሚመጣና በዶላር የሚተመን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ሳያስብ የገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው። የሁለት ወር ደመወዙን ለመኪና ከፍሎ ሦስተኛውን ወር በብድር የሚኖር ሰው ጨዋታውን ይጠላዋል፤ ሚስት ያለችው እንደ ሆነም ብቻውን አይጠላውም።

እኔ ለእንደዚህ ያለው ሰው የምመክረው ፈጣኗን መኪና ትቶ የምትጠገነውን እንዲገዛ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሻጩ ፊት ሲቆሙ ያለማቋረጥ የሚረሳ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ አለ። በሣጥኗ ላይ «በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር» የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈባትን መኪና ገዛ። በእርግጥም ትሮጥ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጨችና የፊት ጎማዋን የሚይዘው፥ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ክንድ ተሰበረች። ወደ ሻጩ ሄዶ ቢጠይቅ፥ የዚያች መለዋወጫ ብቻዋን እንደማትመጣ፥ ከፈለገ ግን ሌላ ሙሉ መኪና እንዳለ ተነገረው። አሁን መኪናይቱ በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች። አቧራዋን በየሳምንቱ የሚጠርግላት ይመስለኛል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ዐይነት መኪናዎች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ የመደብር መጫወቻ ናት። ሆዷ ቢከፈት ሬዲዮውን የሚቀበለው፥ ሞተሩን የሚያዘውና መሪውን የሚያዞረው ሁሉ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ተጠቃልሎ ይገኛል፤ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ተቃጠለ። በርካሾቹ ላይ መሪው ፈጽሞ ቀኝ ወይም ፈጽሞ ግራ ነው፤ መካከለኛ አያውቅም። ሁለተኛዋ ለጨዋታው አፍቃሪዎች ተብላ የተሠራችው ናት። ሞተሩ ለብቻው፥ ተቀባዩ ለብቻው፥ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ለብቻው፥ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የሚባለው ዕቃም ለብቻው ነው። አንዱ ቢበላሽ እርሱን ብቻ ነቅለው ይለውጣሉ። መሪውን ጥቂት ሲያዞሩ ጎማው ጥቂት ይዞራል፤ ነዳጅ እንደ መስጠት ያለውንም እጀታ ጥቂት ሲስቡ ቀስ ብላ ትሄዳለች። መንዳት የሚባለው ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ሽፋኗን አስነሥተው በውስጧ በየሶኬታቸው የተሰኩ የተለያዩ ዕቃዎች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያም «የፊት ክንዷ ለብቻው ይገኛል?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ስለ ፍጥነቷ መናገር ከጀመረ መልሱን አግኝተዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ይህ ኩባንያ የመጀመሪያውን የሬዲዮ መኪና ያወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ሲሆን፥ እርሷም ከእውነተኛው ፖርሽ 934 አንድ አሥራ ሁለተኛ የምታህል ምስል ነበረች። በ1984 ደግሞ ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት መኪናዎች አወጣ፤ አንዲቱ ግራስሆፐር፥ ሁለተኛይቱ ሆርኔት ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ ፌንጣና ተርብ ማለት ነው። ሻንሲያቸው እንደ ገንዳ ሆኖ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፌንጣ አነስተኛ ሞተር፥ ተርብ ደግሞ ከፍ ያለ ሞተር ከመያዛቸው በቀር ብዙው አካላቸው አንድ ነው። የኋላ ጎማዎቻቸው በአንድ ግትር አክስል ላይ ስለ ተያዙ በኮረኮንች ላይ ይዘላሉ፤ ፌንጣ ስሟን ያገኘችው ለዚህ ይሁን አይሁን እንጃ፥ ስሙ ግን ልክ ነው።

ኩባንያው ተርብን በ2004፥ ፌንጣን በ2005 እንደ ገና አሳትሞ አወጣቸው፤ እንደ መጽሐፍ «አሳተመ» ማለቴ ነገሩ እንዲያ ስለ ሆነ ነው። በዚህም ምክንያት ከ40 ዓመት በፊት ለተሠራች መኪና ዛሬ አዲስ ጎማና አዲስ የማርሽ ጥርስ ማግኘት ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለ። እነዚህ መኪናዎች ተገጣጥመው ሳይሆን ፈርሰው በሣጥን ይመጣሉ፤ ገዢው ሥዕሉን እያየ በካቻቢቴ ይገጥማቸዋል። በገዛ እጁ የገጠመ ሰው ስትሰበር የት ቦታ እንደሚፈታ ያውቃል። ሣጥኑ ውስጥ ግን ሬዲዮ፥ ባትሪና ቻርጀር እንደሌሉ አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙ ሰው ሣጥኑን ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ታሚያን ብቻ ይግዙ ማለቴ አይደለም። የቻይናዎቹ፥ ለምሳሌ ደብሊው ኤል ቶይስ የሚባለው ኩባንያ የሚያወጣቸው ትናንሽ መኪናዎች በዋጋ ረከስ ይላሉ፤ መለዋወጫቸውም በየዐይነቱ ይሸጣል። ከእነርሱም ውስጥ ከእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ ስምንተኛ የሚያህሉት በመዳፍ ላይ የሚቀመጡ ስለ ሆኑ፥ ክረምት ሲገባ በትምህርት ቤት ኮሪደር ወይም በሳሎን ወለል ላይ ሊነዱ ይችላሉ። ግቢ ለሌለው ተከራይ እነርሱን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ከሁሉ የሚረክሰው አስቀድሞ በእጅዎ ያለው ነው። ያቺን ከአልጋ ሥር ያለችውን ያውጧት። ሪሞቱን ሲከፍቱ የባትሪ ድንጋዩ ፈስሶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሽቦውን በልቶት ያገኙ ይሆናል። ይህ ከተራው አልካላይን ድንጋይ የሚወጣ ቅመም ነውና በጥጥ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ አድርገው ይጥረጉት፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ እርጥብ ባለ ጨርቅ፥ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ብዙ «የሞተች» መኪና በዚህ ብቻ ተነሥታለች። ሞተሩ ካልዞረ ከሽቦው ለይተው በቀጥታ ከድንጋይ ጋር ያገናኙት፤ ከዞረ በሽታው ከሰሌዳው ነው፤ ካልዞረ ሞተሩ ራሱ ነው። ቢሳካልዎትም ባይሳካልዎትም ያን ቀን የተማሩት ነገር በኋላ ሌላውን ሲገዙ ገንዘብ ያድንልዎታል። ትናንሽ ቡሎን፥ ሞላና ስፕሪንግ የጎደለዎት እንደ ሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው ቢፈልጉ ጊዜዎ በከንቱ አይጠፋም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኔ ብሆን ለዚህ ጨዋታ ካሰብኩት ከእያንዳንዱ መቶ ብር ለመኪናዋ ከ45 ብር በላይ አልሰጥም። 20ው ለሬዲዮው፥ 25ቱ ለባትሪና ለቻርጀር፥ የቀረው 10 ብር በመጀመሪያው ቀን ለሚሰበረው ነገር ተለይቶ የሚቀመጥ ነው። መሰበሩ አይቀርምና። ጀማሪዎች 90ውን ለመኪናዋ ከፍለው በቀረው 10 ብር መጥፎ ቻርጀር ይገዛሉ፤ ከዚያም መጥፎው ቻርጀር ጥሩውን ባትሪ ያበላሻል።

ሬዲዮ ላይ መሰሰት አይገባም፤ ምክንያቱም መኪና ትሰበራለች፥ ሬዲዮ ግን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይተላለፋል። በልጅነታችን የነበረው የ27 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ ነበር፤ ሁለት ልጆች ተመሳሳይ መኪና ይዘው ሲገናኙ የአንዱ ሪሞት የሌላውን መኪና ይዞ ወደ ቦይ ይከተው ነበር። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፥ የተስፋፋው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ግን ከራሱ ተቀባይ ጋር ብቻ ስለሚተዋወቅ ብዙ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሳይጣላ ይነዳል። ሁለተኛ መኪና ሲኖርዎት ለእርሷ ተቀባይ ብቻ ይገዛሉ። ተቀባዩ የሬዲዮው ዘመድ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ የአንዱ ኩባንያ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም።

ባትሪ ላይ ጥቂት ረዘም ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚበላሸው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዛሬው ጊዜ ሁለት ዐይነት ባትሪ አለ። አንደኛው ኒኬል ያለበት ሲሆን እያንዳንዱ 1.2 ቮልት የሆነ ስድስት ድንጋይ ተያይዞ 7.2 ቮልት ይሆናል። ከበድ ይላል፥ ግን ትዕግሥተኛ ነው። ሁለተኛው ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፥ እያንዳንዱ 3.7 ቮልት፥ በጠቅላላው 7.4፤ ሲሞላ 8.4 ይደርሳል። ቀላልና ብርቱ ነው፥ ነገር ግን ቁጡ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይታመማል፤ ከ4.2 በላይ ቢሞላ ሊቃጠል ይችላል። ሲቃጠልም እንደ ክብሪት አይደለም፤ ነበልባል ይተፋል።

አንባቢዬ፥ ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው፥ መጽሐፉ፥ የዲፕሎማው ፋይልና መጋረጃው ሁሉ አንድ ላይ ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ባትሪ ፍራሽ ላይ ሰክቶ ገበያ መሄድ እብደት ነው። ሊፖ የሚሞላው ሰው ባለበት፥ በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ቢቻል በሸክላ ዕቃ ውስጥ ክዳኑ ሳይገጠም ነው። ሁለቱን ክፍሎች እኩል የሚያደርግ፥ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ያስፈልገዋል። በላዩ 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ከተጻፈበት በ3 አምፔር ይሙሉት፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል። ሳይነዱ የሚሰነብቱ ከሆነ ሙሉም ባዶም ሳያደርጉ እያንዳንዱን ክፍል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርገው ያስቀምጡት። ያበጠ ባትሪ ርካሽ ነው ብለው ከማንም አይግዙ፤ በነጻም ቢሰጥዎ አይቀበሉ። መኪናዋ አሮጌ ከሆነች የፍጥነት መቆጣጠሪያዋ የሊቲየምን ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ ቮልቱ ሲወርድ የሚጮኽ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ላይ ይሰካ። ይህን ሁሉ መጠበቅ የሚያሰለችዎ እንደ ሆነ በኒኬሉ ይጀምሩ። ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ ለመኪና እናድርግ ይላሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ግን እነዚያ ድንጋዮች የተሠሩት ኀይላቸውን በዝግታ እንዲሰጡ ነው። የመኪናዋ ሞተር በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ አምፔር ሲስብባቸው ይግላሉ። ለእጅ ባትሪ ያድርጓቸው።

ዘመድዎ ከውጭ አገር ዕቃ የሚያመጡልዎ ከሆነም ይህን ይንገሯቸው፤ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም፤ ጫፎቹም በፕላስተር መሸፈን አለባቸው። ከላይ የጠቀስኩት ባትሪ 22 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የአየር መንገዶች የተለመደ ወሰን ደግሞ 100 ዋት ሰዓት ስለ ሆነ በመጠኑ ችግር የለበትም።

በነዳጅ ስለሚሠሩት ትናንሽ ሞተሮች የሚጠይቁኝ አሉ። ድምፃቸውና ጭሳቸው እንደ እውነተኛ መኪና ስለ ሆነ ልብ ይማርካሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ግን አልመክራቸውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚቃጠል ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ነዳጁም ተራ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖልና ናይትሮሜቴን የተቀላቀለበት ልዩ ፈሳሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለመሥራት አየር አይተነፍስም። የሳሳው አየር የሚጎዳው ማቀዝቀዙን ብቻ ነው።

የእኛ እውነተኛ ጠላት አቧራ ነው። ጀማሪ ሰው ማርሹ ሲጮኽ ሲሰማ ግራሶ ይቀባል፤ በተዘጋ ካምቢዮ ውስጥ ከሆነ መልካም ነው፥ በተገለጠ ጥርስ ላይ ከሆነ ግን አቧራውን ሰብስቦ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል። የተገለጠው ደረቅ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረግ። ለማሻሻል ገንዘብ ካለዎትም ትልቅ ሞተር አይግዙ። ጎማው የሚዞርበትን የፕላስቲክ ቀለበት አውጥተው በኩሽኔታ ይተኩ። መኪናዋ ትቀላለች፥ ባትሪዋ ይቆያል፥ አክስሏም አይበላም፤ ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ያወጡበት ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ፍጥነትን የምቃወመው ለኪስ ብቻ አስቤ አይደለም። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ከ6 ሜትር ከፍታ ከወደቀ አንድ ኪሎ ተኩል ድንጋይ ጋር የሚተካከል ጉልበት ይዛለች። በ20 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ እንደ ወደቀ ያህል ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በየሰፈራችን መኪና በተነሣ ቁጥር ሃያ ሕፃን ተከትሎ ይሮጣል፤ ባዶ እግር ያለውም አለ። ስለዚህ መንዳት የሚገባው በሰፊ ቦታ፥ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት ጥበቃውን አስፈቅደው በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ ሕፃናቱም ከእርስዎ ኋላ እንጂ ከመኪናዋ ፊት አይቁሙ።

ሦስት ወይም አራት ጓደኛ ካለዎት ወጪው እጅግ ይቀላል። ጥሩ ቻርጀር ለሁሉም አንድ ይበቃል፤ ትንሽ ዕቁብ ገብቶ ዕጣ የወጣለት በተራው ባትሪውን ወይም ሬዲዮውን ይገዛል። ሁሉም አንድ ዐይነት መኪና ቢይዙ ደግሞ የአንዱ ስብራት በሌላው መለዋወጫ ይጠገናል። ለመወዳደሪያም የውሃ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልተው እንደ ምልክት ያቆሙ፤ ዙሩንም በስልክ ሰዓት ይለኩ። ፕላስቲክ የነካ አምስት ሰከንድ ይጨመርበታል። በዚህ ሕግ ፌንጣ ተርብን ስታሸንፍ ያያሉ።

3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በአማካይ 10 አምፔር ቢሳብበት 18 ደቂቃ ያነዳል። ሲያልቅ ሁለተኛውን ባትሪ ወዲያውኑ አይሰኩ። ጣትዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ፤ ሦስት ሰከንድ መታገሥ ካልቻሉ ሞተሩ ዕረፍት ይፈልጋልና ሻይዎን ጠጥተው ይመለሱ።